የእኛስ «ቁርባን» የቱ ነው?



በዚህ ጽሑፍ የማነሣላችሁ ስለ መጽሐፍ ቅዱስና ስለ ወግ ነው። «ይህማ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ጣጣ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ከሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ይህን ርእስ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ደጋግሜ ያገኘሁት በሰው ቤት ነው፤ በባልና በሚስት መካከል፣ በአማትና በምራት መካከል፣ በለቅሶ ድንኳን ሥር።

ባለቤቴ የሚያገለግለው ወረታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው ከተማችንን ያውቃታል፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ከከተማው ወጣ ስትሉ እስከ ጣና የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ታገኛላችሁ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ባሕር ይመስላል። ለሩዝ ያመቸውም ይኸው ውሃ ነው። ዛሬ በፎገራ ሩዝ ያልገባበት ቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላና አረቄ ይወጣበታል፣ ገለባው ለከብት ይሰጣል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንኳ የተተከለው እዚሁ ነው። አንድን ልጅ «የአባቶቻችሁ እህል ምንድን ነው?» ብትሉት «ሩዝ!» ይላችኋል። ዕድሜ የጠገቡት ግን ይስቃሉ። ሩዝ በዚህ ሜዳ ከተዘራ ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በደርግ ዘመን ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬ ማኅበራት፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች አማካይነት እንደ ተስፋፋ ይነገራል፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው የሚታወቀው በፎገራ ከብቱ፣ በጤፉ፣ ውሃው ሲሸሽ በሚዘራው ጓያ ነበር።

ስለ እርሻ ላስተምራችሁ ፈልጌ አይደለም፤ እሱንስ ከእኔ የሚያውቁ ሞልተዋል። አንድ ነገር «ከጥንት የነበረ» ለመባል የአንድ ሰው ዕድሜ እንደሚበቃው እንድታዩልኝ ነው። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ይሆናል።

በአካባቢያችን ወንጌላውያን ጥቂት ነን። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ናቸው፤ በእድር፣ በቡና፣ በልጅ ማሳደግ አብረን እንኖራለን። ቡና ላይ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ከእናቴ ጋር የሚስተካከሉ አንዲት ጎረቤት አንድ ቀን «ልጄ፣ እናንተ ጾሙ የላችሁ፣ ታቦቱ የላችሁ፣ ተዝካሩ የላችሁ፤ ታዲያ ምን ይዛችሁ ትኖራላችሁ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የክፋት አልነበረም፤ አዝነውልኝ ነው። ወገኖቻችን ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው፤ «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ!» ይላሉ። የምንታመንበት ይህ ነው፤ እኔም ከዚህ ፈቀቅ የማለት አሳብ የለኝም። ነገር ግን «ብቻ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ከባድ ጭነት ተሸክማለች። ጭነቱን አውርደን ብናየው መልካም ነው።

«ወግ» ከሚለው ቃል እንጀምር። በ1954 ዓ.ም. ትርጉም ጌታችን በማርቆስ 7 የነቀፈው የሽማግሌዎችን ወግ ነው። ይህን ሁላችን እናውቃለን፤ ከጎረቤት ጋር ስንከራከር መጀመሪያ የምንመዝዘው እርሱን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን የቆሮንቶስን ምእመናን ያመሰገናቸው ወግን ስለ ያዙ ነው (1ቆሮ. 11፥2)። የተሰሎንቄ ሰዎችንም በቃልም ሆነ በመልእክት የተማሩትን ወግ እንዲይዙ ያዝዛቸዋል (2ተሰ. 2፥15)። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። በግሪኩም በሦስቱ ስፍራ ያለው ቃል አንድ ነው፤ ፓራዶሲስ ይባላል፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነገር ማለት ነው። ጳውሎስ ስለ ጌታ ሞትና ትንሣኤ ሲናገር እንኳ ራሱ የተቀበለውን አሳልፎ እንደ ሰጠ ይናገራል (1ቆሮ. 15፥3)። ወንጌል በብራና ላይ ከመስፈሩ በፊት በሰው አፍ ተላልፏል። እንግዲህ «ወግ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የምንጠቀምበት ከሆነ ጳውሎስን ምን ልናደርገው ነው?

ወደ ማርቆስ 7 እንመለስ። ፈሪሳውያንና ጻፎች የመጡት ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ በሉ ብለው ለመክሰስ ነበር። ጌታ ግን ክርክሩን ወደ አባትና ወደ እናት ወሰደው። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ለወላጆቹ መጦሪያ ሊሆን የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ብሎ ሊዘጋው ይችል ነበር። በእኛ አገር ቁርባን ሲባል ለሁላችን የሚታየን ሥጋ ወደሙ ስለ ሆነ ይህን ክፍል ስናነብ ቶሎ አይገባንም። በዚህ ስፍራ ቁርባን ማለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ፣ የተሳለ መባ ማለት ነው። ሰውዬው «ለጌታ ተስዬዋለሁ» ካለ በኋላ መምህራኑ ስእለቱን አጽንተው አባትና እናቱን ከመርዳት ነጻ ያደርጉት ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስእለትን መፈጸም ራሱ የመጽሐፍ ትእዛዝ ነው (ዘኍ. 30፥2)። እነዚያ መምህራን ጥቅስ አላጡም! አንዱን ጥቅስ ይዘው በእርሱ ሌላውን ትእዛዝ ከበቡት፤ አጥሩን ደግሞ «ወግ» አሉት። ስለዚህ ማርቆስ 7 ጥቅስ በሌላቸው ሰዎች ላይ የተነገረ አይደለም። ጥቅስ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው የተነገረው። እንደ እኛ ባሉት ላይ።

አሁን ወደ ቤት ልግባ። በጉባኤያችን ያሉ አንድ ባልና ሚስት ስማቸውን ሳልጠራ ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ባል ያደገው ከዚህ ርቆ፣ ከአያቱ ጀምሮ ወንጌል በገባበት ቤት ነው። ሚስት የተወለደችው እዚሁ ፎገራ፣ ወደ ጉማራ በኩል ባለ ገጠር ነው። ጌታን ስትቀበል አባቷ ሁለት ዓመት አላናገሯትም። እናቷ ካረፉ በኋላ ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ጎርፍ የሩዝ ቡቃያቸውን ወሰደባቸው። ባሕር ዳር ወስዶ ማሳከም ያስፈልግ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጉባኤያችን የአዳራሹን ቆርቆሮ ለመለወጥ ምእመናንን ቃል ያስገባ ነበር። ባል ተነሥቶ 15 ሺህ ብር ቃል ገባ፤ ጉባኤው እልል አለ። ወር ሳይሞላ ሚስት የአባቷን ነገር ስታነሣ «በእጃችን ያለው ለጌታ የተለየ ነው» አላት። ቀጥሎም «ደግሞ ገንዘቡ እዚያ ቤት ከገባ ለእናትሽ ተዝካር ነው የሚውለው። እኔ ለሰው ወግ አንዲት ሳንቲም አላወጣም» አላት። ጥቅስም ጠቀሰላት። የጠቀሰላት፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ማርቆስ 7ን ነበር።

እኅታችን ቤቴ መጥታ እያለቀሰች «ለባሌ ልታዘዝ ወይስ አባቴን ልጡር? ሁለቱም እኮ ተጽፏል» አለችኝ። ባለቤቴና እኔ ሁለቱን ጠራናቸው። ባለቤቴ ብዙ አልተናገረም። ወንድማችን ራሱ መጽሐፉን ገልጦ ከቁጥር 1 እስከ 13 ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልን ጠየቀው። ቁጥር 11 ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ቁርባን ምን እንደ ሆነ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ ቆርቆሮውስ? በጉባኤ ፊት ቃል ገብቻለሁ እኮ» አለ።

ቆርቆሮው የእኛም ችግር ነበር፤ ክረምት ደርሷል። ሽማግሌዎቻችን (የቤተ ክርስቲያናችንን ማለቴ ነው፤ የማርቆስ 7ቱን አይደለም) ነገሩን ሲሰሙ አንደኛው «በጉባኤ ፊት የተገባ ቃል አንዴ ከተነሣ ሌላውም ይነሣል» አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም በዚያው ወር ቃላቸውን አንሥተዋል። ባለቤቴ ግን ከቃሉ ነጻ መሆኑን ለወንድማችን በሽማግሌዎች ፊት ነገረው። አዳራሹ አንድ ክረምት ተጨማሪ አፈሰሰ፤ የሰንበት ትምህርት ልጆች ባልዲ እየገለበጡ ዘመሩ። ሽማግሌውን ባሕር ዳር ይዟቸው የሄደው አማቻቸው ራሱ ነው፤ እስኪመለሱም አብሯቸው ሰነበተ። ዓይናቸው በርቶላቸዋል። ዛሬም ታቦታቸውን ይሳለማሉ እንጂ ወደ እኛ ጉባኤ አልመጡም፤ ምስክርነቱ በዚያ እንዲያልቅ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ። የተዝካሩን ነገር በኋላ እነግራችኋለሁ፤ እርሱ እንዲህ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ «ታዲያ መለኪያው መጽሐፉ ከሆነ፣ ወግን ምን አመጣው?» የሚለኝ ይኖራል። መልካም፤ መጽሐፉ በእነማን እጅ እንደ ደረሰን እንይ።

የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሃያ ሰባት መሆናቸውን ከየት አወቅን? ከመጻሕፍቱ መካከል ዝርዝሩን የያዘ አንድም የለም። ሃያ ሰባቱን ዛሬ እንደምናውቃቸው ዘርዝሮ የጻፈልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ በ367 እ.ኤ.አ. ስለ ትንሣኤ በዓል በላከው መልእክት። ይህ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ያው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ጳጳሷን የተቀበለችበት እጅና እኛ የምንይዘው የአዲስ ኪዳን ዝርዝር የተጻፈበት እጅ አንድ ነው! ይህን ኮሌጅ ስማር መምህራችን ሲናገር ክፍሉ ጸጥ ማለቱ ትዝ ይለኛል።

በመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ቍጥር ከጎረቤቶቻችን ጋር እንለያያለን፤ እነርሱ ሰማንያ አንድ ይላሉ፣ እኛ ስድሳ ስድስት። ምክንያታችንን አውቃለሁ፤ እቀበለዋለሁም። ነገር ግን መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን የጠበቀው በዓለም ላይ ግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጦ ሲመለስ ቅጂዎቹን ይዞ ባይሄድ ኖሮ፣ ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 የጠቀሰው ከየት እንደ ሆነ ለማየት የአውሮፓ ምሁራን ገና ብዙ በጠበቁ ነበር። ሄኖክን የእግዚአብሔር ቃል አልለውም። የጠበቁትን አባቶች ግን እንዴት አላመሰግናቸውም?

የምታነቡት አማርኛስ? መጽሐፍ ቅዱስን መጀመሪያ ሙሉውን ወደ አማርኛ የተረጐመው አቡ ሩሚ የተባለ አረጋዊ ኢትዮጵያዊ ነው። በካይሮ ከፈረንሳዩ ቆንስል ጋር ዐሥር ዓመት ተቀምጦ ከ9 ሺህ በላይ ገጽ በእጁ ጻፈ። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን ገዝቶ ወንጌላቱን በ1824፣ አዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን በ1840 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አቡ ሩሚ ፕሮቴስታንት አልነበረም። ሲተረጕም ጸጋ፣ ንስሐ፣ ትንሣኤ፣ ምሥጢር የሚሉትን ቃላት ከራሱ አልፈጠራቸውም፤ ከግዕዙ፣ ከቅዳሴው፣ ከአባቶች ጉባኤ ወስዶ ነው። በዕለተ እሑድ መድረክ ላይ ቆመን «መጽሐፍ ብቻ» ስንል አፋችን የሚናገርበት ቋንቋ ወግ ያቆየልን ነው።

ይህን ስል ወግ ከመጽሐፍ እኩል ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ደብዳቤ ያደረሰልንን ሰው ቡና እናጠጣዋለን፣ እግሩንም እናጥባለን፤ ደብዳቤውን እየሰረዘ ይጻፍልን ግን አንልም።

ከአባቶቻችን ታሪክ በጣም የምወደው አንድ ሰነድ አለ። በ1555 እ.ኤ.አ. ኢየሱሳውያን መጥተው የኢትዮጵያን ክርስቲያኖች «ትገረዛላችሁ፣ ሰንበትን ታከብራላችሁ፣ አይሁድ ናችሁ» ሲሏቸው ዐፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። ግዝረት በእኛ ዘንድ የአገር ልማድ ነው አሉ፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በህንድ ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው፤ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም ብለን አናደርገውም አሉ። የንጉሡን ብልኅነት አያችሁ? ልማዱን አልጣሉትም፤ ግን በስሙ ጠሩት። «ይህ ልማድ ነው» አሉ። ስንቶቻችን የራሳችንን ልማድ በስሙ መጥራት እንችላለን?

ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1534፣ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተነጋግሯል። ይህ ያው በ1521 በዎርምስ ጉባኤ ፊት በመጽሐፍ ቃል ካልተረታሁ አልመለስም ያለው ሉተር ነው። ከዲያቆኑ ጋር ከተወያየ በኋላ በሥርዓትና በልማድ ቢለያዩም በእምነት እንደሚስማሙ ጽፎ ሰጠው። «መጽሐፍ ብቻ» የሚለውን ትምህርት የጀመረው ሰው የእኛን ዲያቆን ሲያገኝ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጾሙ አልነበረም መሰለኝ።

በቅርባችንም ሰው አለን። ከአዲስ ዘመን አጠገብ ያለችውን ይፋግን ብዙዎቻችሁ በመኪና አልፋችኋት ይሆናል። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1860ዎቹ መባቻ እ.ኤ.አ. የተወለዱት በዚያ አካባቢ ነው። በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተምረዋል፤ የግዕዝ ሰዋስው ጽፈዋል፤ ከ1905 ጀምሮ በርሊን አስተምረዋል፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክም የእርሳቸው ነው። በሃይማኖት ነገር ተከስሰው የታሰሩበት ጊዜ ነበር። ሆኖም እስከ 1924 እስኪያርፉ ድረስ «አለቃ» ተብለው ነው የኖሩት፤ ማዕረጉ ከአባቶች ትምህርት ቤት ነው። ወንጌልን ከያዙ በኋላ ግዕዙን አልጣሉም፤ እንዲያውም ለሌላው አስተማሩት። የእኛ ወጣቶች ግን ዛሬ ግዕዝን «የእነርሱ» ይሉታል። ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ራሳችን። በመካነ ኢየሱስ ያሉ ወገኖቻችን ሕፃናትን ያጠምቃሉ፤ በቃለ ሕይወትና በሙሉ ወንጌል ያሉት አያጠምቁም። ሁሉም «መጽሐፍ ብቻ» ይላሉ፤ ሁሉም ጌታን ይወዳሉ። አንዱን መጽሐፍ እያነበብን የምንለያየው የምናነብበትን መነጽር ከየአባቶቻችን ስለ ወረስን ነው። መነጽር ማድረግ ነውር የለውም፤ ዓይኔ ላይ ምንም የለም ማለት ነው የሚያጣላን።

የሰርጋችንን ነገር ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም፤ ባልና ሚስቶች፣ በተለይም ለመጋባት የተዘጋጃችሁ፣ ስሙኝ። ጭፈራውንና ጠላውን ትተናል፤ እሰይ። በምትኩ ያመጣነውን ቍጠሩት፦ ቬሎ፣ አምስት ሚዜ በአንድ ዓይነት ሱፍ፣ ባለ ብዙ ደርብ ኬክ፣ የመኪና ሰልፍ፣ ቪዲዮ፣ መልስ። ነጭ የሙሽራ ልብስ በአውሮፓ የተስፋፋው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው። እርሷ ያገባችው በ1840 ነው፤ ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በታተመበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ሁለቱም ዛሬ በየቤታችን አሉ፤ የትኛው የበለጠ እንደሚከበር ግን በሰርግ ሰሞን እዩት። ቬሎውን አልጠላሁም፤ እኔም ለብሻለሁ፤ ሥዕሉ ሳሎን ተሰቅሏል። ነገር ግን ሁለት ዓመት የተገፋ ጋብቻ አውቃለሁ፤ የጎደለው የአዳራሽ ኪራይና የቪዲዮ ብቻ ነበር። ወጣቶቹ በዚያ ሁለት ዓመት የተፈተኑትን ፈተና እግዚአብሔር ያውቃል። ጳውሎስ ስለዚህ የጻፈውን (1ቆሮ. 7፥9) ሁሉም ያውቁት ነበር፤ ወላጆቹም፣ ሽማግሌዎቹም። «ያለ ቬሎማ ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ግን በለጠ። ሙሽሮቹ በመጨረሻ በአዘቦት ልብስ፣ ሩዝ የተደባለቀበት እንጀራና ምስር ወጥ ለሠላሳ ሰው አብልተው ተጋቡ። አንዳንድ ዘመዶች ቅር ተሰኝተው ቀሩ፤ እስከ ዛሬም የቀሩ አሉ።

ፍርዴ እንዲህ ነው፦ ልማዱ ከየት እንደ መጣ አልጠይቅም፤ ከእነርሱ ይምጣ ከእኛ፣ ከሺህ ዓመት በፊት ይምጣ ትናንት። ረቡዕና ዓርብ መጾም ዲዳኬ በተባለው፣ ከሐዋርያት ዘመን ብዙ ሳይርቅ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ከእኛ የአርብ አዳር ጸሎት በብዙ ይበልጣል በዕድሜ። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ወግ ባለበት ቤት እግዚአብሔር በግልጥ ያዘዘው ነገር ይፈጸማል? አባት ይጦራል? ድሃ ይበላል? ባልና ሚስት በሰላም ያድራሉ? ወይስ ወጉ ለዚያ ሁሉ ሰበብ ሆኖናል?

የተዝካሩን ነገር እነግራችኋለሁ ብያለሁ። የእኅታችን ወንድሞች ለእናታቸው ተዝካር ድርሻዋን እንድትሰጥ ጠይቀዋት ነበር፤ አንድ ኩንታል እህልና ቅቤ። ከሞት በኋላ ፍርድ እንጂ ሌላ ዕድል እንደሌለ እናምናለን (ዕብ. 9፥27)፤ ስለዚህ ለሙታን ለሚደረገው ጸሎት አልሰጠችም። ቀድማ ሄዳ ለወንድሞቿ ፊት ለፊት ነገረቻቸው፤ ተቈጥተዋል። ባልየው ግን ኩንታሉን አስጭኖ ለአባትየው ቤት አደረሰ፤ «ይህ ለእርስዎ ለክረምቱ ነው» አላቸው። አባትየው ከእርሱ ላይ ቀንሰው ለተዝካሩ እንዳዋሉት ሰምተናል። ባል ሲሰማ ትንሽ ከፋው። ከሰጠ በኋላ ግን የእርሳቸው ነው፤ ምን ያደርጋል?

እኔና ባለቤቴ ራሳችን በዚህ ላይ ዛሬም አንድ አሳብ የለንም። ጎረቤት ሲሞትበት እንጀራ እጋግራለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ድንኳኑ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ በዚህ ልዩነት የለንም። በተዝካር ቀን ደግሞ ሄጄ ዕቃ አጥባለሁ፤ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ ጓሮ ነኝ። ማታ ከዚያ ቤት በሰሐን ተሸፍኖ ምግብ ሲላክልን ነው ጭቅጭቁ። ባለቤቴ በ1ቆሮ. 10፥28 መሠረት ለምን እንደ ቀረበ ከተነገረን መብላት የለብንም ይላል፤ ልጆቹ እንዳይሰናከሉም ያስባል። እኔ ሦስት ቁጥር ወደ ላይ አንብቤ አመስግኜ እበላለሁ፤ ሴትዮዋ ሰሐኑን የላኩት ጎረቤቴ ስለ ሆንሁ ነውና። ልጆቻችን ገሚሶቹ ከእርሱ ጋር፣ ገሚሶቹ ከእኔ ጋር ናቸው፤ ትንሹ ልጃችን ወጡ ዶሮ ከሆነ ከእኔ ጋር ነው። ሰሐኑን ባዶውን አንመልስም፤ በዚህ ሁላችን ተስማምተናል።

እናንተ ቤት እንዴት ነው የምታደርጉት? በተለይ ከሁለት ዓይነት ቤት መጥታችሁ የተጋባችሁ፣ በአዘጋጆቹ በኩል ጻፉልኝ።